የሙያ ተሃድሶ አማካሪዬን ላመስግን

መስማት ለተሳናችሁ ወገኖቼ፣ ለቤተሰቦቻችሁና ሠራተኛ ለምትቀጥሩ ሁሉ ነው የምጽፈው። ዛሬ በእንጨት ሥራ ራሴን ችዬ የምኖረው በአንድ የሙያ ተሃድሶ አማካሪ፣ ማለትም አካል ጉዳተኞች ሥራ እንዲያገኙና በሥራቸው እንዲጸኑ በሚረዱ ባለሙያ፣ ብርታት ነው። ስማቸው እንዲነሳ ባይፈቅዱም ሥራቸውን ልናገር።

መጀመሪያ ስንገናኝ የጠየቁት አብሮኝ የመጣውን ወንድሜን ሳይሆን እኔን ነበር፤ ያውም በምልክት ቋንቋ፦ «አንተ ምን መሥራት ትወዳለህ?» እስከዚያ ድረስ ሰው ሁሉ የሚነግረኝ መስማት ለማይችል «የሚሆነው» ሥራ የትኛው እንደሆነ ነበር።

ቀጥሎ ችሎታዬን መዘኑ። ብዙዎቻችን ያለ ጥፋታችን የምንወድቀው እዚህ ላይ ነው። የምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው ስላለው ለብዙዎቻችን ጽሑፍ ሁለተኛ ቋንቋ ነው። በረጅም ጽሑፍ የታጨቀ ፈተና ንባባችንን እንጂ የእጃችንን ሙያ አይለካም። እሳቸው ይህን ስለሚያውቁ ንድፍ አሳይተው፣ እንጨትና መለኪያ ሰጥተው ስሠራ ተመለከቱኝ።

ቀጣሪው «ማሽን አጠገብ አደጋ ይደርስበታል» ብሎ ሲሰጋ አማካሪዬ እዘኑለት ብለው አልለመኑም። ወርክሾፑን ዞረው አዩና የአደጋ ደወሉ ላይ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት እንዲጨመር፣ የምሠራበትም ጠረጴዛ ሰው ሲመጣ ወደሚታየኝ አቅጣጫ እንዲዞር አደረጉ። የተባበሩት መንግሥታት በ2006 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 27 በሥራ ቦታ ተመጣጣኝ ማመቻቸት፣ ማለትም ለሠራተኛው እንደሚያስፈልገው ቦታውንና አሠራሩን ማስተካከል፣ እንዲደረግ እንደሚል አስረዱ። ችሮታ አለመሆኑን እኔም ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ለባልደረቦቼም ነገሯቸው፦ ከንፈር ማንበብ ብቻውን አይበቃም፤ «በራ» እና «መራ» ከንፈር ላይ አንድ ናቸው። ለመስኮት ጀርባ ሰጥታችሁ አታናግሩት፣ ፊታችሁ ይጨልምበታል። አስተርጓሚ ሲኖርም አስተርጓሚውን ሳይሆን እሱን ራሱን እያያችሁ ተናገሩ።

ይበልጥ ያከበርኳቸው ግን ከተቀጠርኩ በኋላ ነው። ሥራ ካስያዙኝ ወዲያ ፋይሌን ዘግተው አልጠፉም። ጠዋት ጠዋት በቃል የሚነገረው ትእዛዝ እንደሚያመልጠኝ ስነግራቸው መጥተው ከአለቃው ጋር ተነጋገሩ፤ አሁን ሁሉም በሰሌዳ ይጻፋል። ስለ ደመወዜ ስብሰባ ሲጠራ እንዲያስተረጉሙልኝ ብለምናቸው እምቢ አሉ። «አማካሪህም አስተርጓሚህም ልሁን ካልኩ ያንተን ቃል ከእኔ ሐሳብ ማን ይለየዋል?» ብለው ሌላ አስተርጓሚ አስመጡ። በወቅቱ ቅር ብሎኝ ነበር፤ በዚያ ስብሰባ የተናገርኩት ሁሉ የራሴ ቃል መሆኑን ሳይ ግን ገባኝ።

እናንተም አማካሪ ስትፈልጉ ሦስት ነገር ጠይቁ። በምልክት ቋንቋ ራሱ ያናግራችኋል? የሥራ ቦታውን ሄዶ ያያል? ከተቀጠራችሁ በኋላስ ይመለሳል? ቀጣሪዎችም ስጋት ካላችሁ አመልካቹን ከመመለሳችሁ በፊት እንዲህ ያለ ባለሙያ ጠርታችሁ ወርክሾፑን አሳዩት።

አማካሪዬ፣ ይህን ካነበቡት፦ ባለፈው ወር አዲስ ተለማማጅ ተመድቦልኛል። የማሽኑን አያያዝ የማሳየው እኔ ነኝ። ከልቤ አመሰግናለሁ።