ለውዝዋዜ አሰልጣኞች፦ ይህችን መምህርት ተከታተሏት

ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ውዝዋዜም ሆነ ዳንስ ለምታሰለጥኑ ሁሉ፤ ከአዲስ አበባ ሆና በኢንተርኔት የዳንስ ቴክኒክ የምታስተምረንን መምህርት በአደባባይ ላመሰግናት ነው የመጣሁት።

ዩቲዩብ ላይ ጭፈራ ሞልቷል። አይቶ መቅዳትም ብዙ አይከብድም። የሚቸግረን ተማሪው ሲያቅተው ምን ብለን እንደምናርመው ነው። እሷ ደግሞ የምታስተምረው እሱኑ ነው።

እስክስታን እንውሰድ። ልጆች ትከሻ ምቱ ሲባሉ አንገታቸው ይደነድናል፣ ጥርሳቸውን ይነክሳሉ፣ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። «ፈታ በሉ» ስላልናቸው አይፈቱም። መምህርታችን የምትጀምረው ከጀርባ ነው። አንዱ ልጅ መዳፉን ጓደኛው ጀርባ ላይ ያሳርፋል፤ ጠፍጣፋዋ የትከሻ አጥንት ስትንቀሳቀስ በእጁ ይከተላታል። በዝግታ፣ ያለ ሙዚቃ፣ ትንፋሽ እያወጡ። ፍጥነቱ በኋላ ይመጣል። ከዚያ በባቲ ቅኝት የተዘፈነ ዘፈን ክፈቱላቸው፤ ትከሻው ሲመታ ፊታቸው ይስቃል።

ዝላይ ላይም ያው ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ የጠዋቱን ብርድ ታውቁታላችሁ። ወለሉ ደግሞ ሲሚንቶ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሰውነት ማሟሟቅ፣ ከዚያ አስተራረፍ፦ ጣት ይቀድማል፣ ተረከዝ ይከተላል፣ ጉልበት ይታጠፋል። ጉልበቱ ወደ ውስጥ ሳይገባ ወደ እግር ጣቶቹ አቅጣጫ መሄድ አለበት። የባሌት ሰዎች ፕሊዬ የሚሉት መታጠፍም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ልጆቹን ከፊት ለፊት ቀርጬ እልክላታለሁ፤ ቪዲዮውን አይታ «የዚችን ልጅ ቀኝ ጉልበት ልብ በል» ብላ በድምፅ ትመልስልኛለች። እንዲህ የሚያይ ዓይን ያለው መምህር ከየት ይገኛል?

አንዳንዶቻችሁ ቴክኒክ ባህላችንን ያበላሽብናል ብላችሁ ትሰጋላችሁ። እኔ አልስማማም። እሷ ራሷ የወሎን እስክስታ ከእናንተ ነው የምማረው ትለናለች፤ አንድም እንቅስቃሴ ለውጡ ብላን አታውቅም። የምታስተካክለው ሰውነቱ ሳይጎዳ እንዴት እንደሚሠራው ነው።

ትምህርቶቹ አጫጭር ናቸው፣ በቴሌግራም ነው የሚላኩት። ኔትወርክ ሲኖር አውርዶ ማስቀመጥ ይቻላል። ክፍያው በቴሌብር ነው፣ ኪስ አይጎዳም። አድራሻዋን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።

እህቴ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፤ ኑሪልን። አፈር ስሆን አንድ ቀን ደሴ ብቅ በይ፣ ልጆቹ በአካል ሊያዩሽ ጓጉተዋል። ቡናው ከእኛ ነው።