እንቁላል ጣይ ዶሮዎች ሲያንኮራፉ፦ የቱ ምርመራ ገንዘቡን ያወጣል?

ድሬዳዋ ላይ እኩለ ቀን አፏን ከፍታ የምታለከልክ ዶሮ ሁሉ የመተንፈሻ በሽታ ይዟታል ማለት አይደለም። ሙቀት ያደከማት ዶሮ ክንፏን ከሰውነቷ ታርቃለች፣ ቶሎ ቶሎ ትተነፍሳለች፤ ጉሮሮዋ ግን ድምፅ የለውም፣ አየሩ ሲቀዘቅዝም ይተዋታል። ስለዚህ ለምርመራ ከመክፈልዎ በፊት ማታ ሦስት ሰዓት ግድም መብራቱን ያጥፉና ቤቱ ውስጥ አምስት ደቂቃ ዝም ብለው ይቁሙ። ማንኮራፋት፣ ማስነጠስ ወይም ድስት ሲንተከተክ የመሰለ የጉሮሮ ድምፅ ከሰሙ ነገሩ ሙቀት አይደለም። ሐረርና ሐረማያ በኩል ደግሞ ብርድ ተፈርቶ መጋረጃው ሌሊቱን ሲዘጋ ከኩስ የሚወጣው አሞኒያ የተባለ ጋዝ ይታመቃል። ጠዋት ሲገቡ ዓይንዎን ካቃጠለዎ አየሩንና እርጥቡን ጉዝጓዝ ያስተካክሉ፤ አሞኒያ ብቻውን ያስነጥሳል፣ ማይኮፕላዝማ ለተባለው የመተንፈሻ ባክቴሪያም በር ይከፍታል።

ድምፁ ከተረጋገጠ በኋላ ትልቁ ጥፋት ናሙና ሳይወሰድ ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለውን አንቲባዮቲክ ውኃ ውስጥ መጨመር ነው። መድኃኒቱ ፈንግልን አይነካም፣ በሽታው የቫይረስ ነውና፤ ፊት የሚያሳብጠውን የኮራይዛን ባክቴሪያ ግን ላቦራቶሪ ላይ እንዳያድግ ያደርገዋል። መድኃኒቱም ምርመራውም በከንቱ ይከፈልባቸዋል።

ከፍቶ ማየት

በጣም ርካሹ ይኼ ነው፣ መቅደምም ያለበት ይኼው ነው። ሁለት አሁን የሞቱና ሦስት ወይም አራት ገና የታመሙ ዶሮዎች ለእንስሳት ሐኪም ያቅርቡ። ሌሊት ሞታ ረፋድ ላይ የተገኘች ዶሮ በድሬዳዋ ሙቀት ስለምትበሰብስ ብዙም አትነግርም። ፊት አብጦ፣ ከአፍንጫ የሚወጣው ፈሳሽ የሚከረፋ ከሆነና በጥቂት ቀናት ውስጥ ቤቱን ካዳረሰ ኮራይዛ ይጠረጠራል። የአየር ከረጢቶቹ አረፋ ወይም አይብ የመሰለ ነገር ከያዙና በሽታው ቀስ እያለ የሚሄድ ከሆነ ማይኮፕላዝማ ነው የሚታሰበው። የአየር ቧንቧው በደም የተቀላቀለ ንፍጥ ካለው ላሪንጎትራኪያይትስ (የጉሮሮና የአየር ቧንቧ የቫይረስ በሽታ)፣ አፍና ማንቁርት ላይ ቢጫ ቅርፊት ከተጣበቀ ደግሞ ፈንጣጣ ነው።

ችግሩ ፈንግል ላይ ነው። ያልተከተበች ዶሮ ትንሹ ጨጓራዋ ውስጥ የደም ነጠብጣብ ልታሳይ ትችላለች። በተከተበ መንጋ ግን አንዳንዴ የሚታየው የእንቁላል መቀነስና ትንሽ ማንኮራፋት ብቻ ነው። «ምንም አላየሁም» የሚል ውጤት ፈንግል የለም ማለት አይደለም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ብዙ ዶሮ በድንገት ከሞተ፣ ኩክኔውም ከጠቆረ፣ የሞተችውን ዶሮ አይክፈቱ። በሩን ዘግተው፣ ዶሮም እንቁላልም ሳያስወጡ ለግብርና ቢሮው የእንስሳት ሐኪም ይደውሉ። የወፍ ጉንፋን በዓይን አይለይም፣ ሰውንም ይይዛል።

ራፒድ ቴስት

የፈንግልን ቫይረስ እዚያው ቤቱ ውስጥ የሚፈልግ ትንሽ መመርመሪያ ነው። በ15 ደቂቃ ግድም ይመልሳል፤ የሚገዛውም ለዚህ ነው። ግን ቫይረሱ በርከት ካላለ አይታየውም፣ የክትባቱንም ቫይረስ ከበሽታው አይለይም። ፖዘቲቭ ከሆነ ፍንጭ ነው፤ ኔጌቲቭ ከሆነ አይመኑት። ከመግዛትዎ በፊት ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን የማስቀመጫ ሙቀት ያንብቡ። ብዙዎቹ እስከ 30 ዲግሪ ነው የሚሉት፤ ድሬዳዋ ውስጥ ማቀዝቀዣ የሌለው መደርደሪያ ከዚያ በላይ ይሞቃል።

የደም ምርመራ

ብዙ ብር የሚባክነው እዚህ ነው። ላሶታ የተባለውን የፈንግል ክትባት የተከተበ መንጋ ፀረ እንግዳ አካል ስለሚኖረው አንድ ጊዜ በተወሰደ ደም፣ ይህንኑ አካል የሚለኩት ኢላይዛም ሆነ ኤችአይ ስለ በሽታው የሚሉት የለም። ትርጉም የሚኖረው ሁለቴ ሲወሰድ ነው፦ በሽታው እንደጀመረ ከ15 እስከ 20 ዶሮ፣ ከሁለት ወይም ሦስት ሳምንት በኋላ ከዚያው ቤት እንደገና። በፀረ እንግዳ አካሉ ላይ አራት እጥፍ ጭማሪ ከታየ በሽታው መንጋውን ይዞት ነበር ማለት ነው። እንግዲህ ይህ ለቀጣዩ የክትባት ፕሮግራም እንጂ ለዛሬው ዶሮ አይደርስም። ከክንፍ ሥር ሁለት ሚሊ ሊትር ደም ይበቃል፤ ጥላ ውስጥ አጋድመው እንዲረጋ ይተዉት፣ ከረጋው ደም የሚለየውን ንጹሕ ፈሳሽ (ሴረሙን) ለይተው ያቀዝቅዙ። ደሙን እንዳለ ፍሪዘር ውስጥ ካስገቡት ይበላሻል።

ለማይኮፕላዝማ ግን የሳህን ምርመራ ጥሩ ግዢ ነው፤ አንድ ጠብታ ሴረም ከአንድ ጠብታ አንቲጅን ጋር ተቀላቅሎ በሁለት ደቂቃ ይነበባል። ዶሮዎቹ በቅርቡ በመርፌ የሚሰጥ፣ ጀርሙ የተገደለ ክትባት ከወሰዱ ግን ያለ በሽታ ፖዘቲቭ ሊል ይችላል።

ፒሲአር

ይህ የጀርሙን ዘረመል የሚፈልግ የላቦራቶሪ ምርመራ ነው። ገንዘብ ካለዎት እዚህ ላይ ያውሉት፤ በተለይ እንቁላል ወርዶ ከፍቶ ማየቱ ምንም ካልነገረዎት። ከታመሙ በሦስት አራት ቀን ውስጥ ካሉ 15 ዶሮዎች የአየር ቧንቧ ስዋብ (በዘንግ ጫፍ የተጠረገ ናሙና) ይወሰዳል፤ አምስት አምስቱ በአንድ ቱቦ ይሆናሉ። ዘንጉ ፕላስቲክ፣ ጫፉ ፖሊስተር ይሁን፤ የጥጥና የእንጨት ስዋብ ምርመራውን ሊያደናቅፍ ይችላል። በአይስ ፓክ ተይዞ በ48 ሰዓት ውስጥ መድረስ አለበት። ሰበታ ወደሚገኘው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ከሆነ የሚልኩት ሐሙስ ማታ አይላኩ፤ ቅዳሜና እሁድን መኪና ውስጥ ወይም ጥበቃ ቤት ያድራል። ናሙናው የሚደርቅበትና በረዶ የማይጠይቀው ኤፍቲኤ ካርድ ከተገኘ ለዚህ መንገድ የተሻለ ነው፤ ጉዳቱ ቫይረሱን ከካርዱ ላይ ማሳደግ አለመቻሉ ነው። ሂርና ያለው ላቦራቶሪ ወይም ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ይቀርባሉ፤ አስቀድመው ደውለው ለሚፈልጉት ምርመራ የሚያስፈልገው ኬሚካል (ሪኤጀንት) እንዳለ ይጠይቁ።

ባለፉት ሁለት ሳምንታት ላሶታ ሰጥተው ከሆነ ፖዘቲቩ የክትባቱ ሊሆን ይችላልና አደገኛውን ዝርያ የሚለይ ምርመራ ጭምር ይጠይቁ።

ለኮራይዛ ባክቴሪያ ማሳደግ ካስፈለገ ስዋብ ላይ ያለው ባክቴሪያ በመንገድ በቀላሉ ይሞታል፤ ፊቷ ዛሬ ያበጠና መድኃኒት ያልቀመሰች ዶሮ ሕይወቷ እያለ ላቦራቶሪ መድረስ አለባት።

የቱንም ቢመርጡ ከናሙናው ጋር አንድ ወረቀት ይሂድ፦ ዕድሜ፣ የመጨረሻው ክትባት ስምና ቀን፣ የተሰጠ መድኃኒት፣ የ14 ቀን የእንቁላልና የሞት ቁጥር፣ ከገበያ የተመለሰ የእንቁላል ትሪ ገብቶ እንደሆነም። ቅርፊታቸው የሳሳ፣ የተጨማደደ ወይም ነጩ እንደ ውኃ የሆነ አሥር እንቁላልም ይጨምሩ፤ ብሮንካይትስን (እንቁላልን የሚያበላሽ የመተንፈሻ ቫይረስ በሽታ) ለሚጠረጥር ሐኪም የመጀመሪያው ማስረጃ እነሱ ናቸው።