በሊትር ቆጥሮ መጠጣት ወይስ ሲጠማ መጠጣት?

ካርቦሃይድሬት (እንደ ዳቦና ሩዝ ያለ ምግብ) የቀነሰ ሰው ስለ ውሃ ሁለት ዓይነት ምክር ይሰማል። አንዱ «በቀን 3 ሊትር ጠጣ» ይላል። ሌላው «ሲጠማህ ጠጣ»።

መጀመሪያ ሰውነት ውስጥ የሚሆነውን እንይ። ጉበትና ጡንቻ ስኳርን ግላይኮጅን አድርገው ያስቀምጣሉ። አንድ ግራም ግላይኮጅን 3 ግራም ገደማ ውሃ ይዞ ይቀመጣል። ዳቦና ሩዝ ሲቀር ክምችቱ ይሟጠጣል፣ ውሃውም በሽንት ይወጣል። በመጀመሪያው ሳምንት ቶሎ የሚወርደው ኪሎ በአብዛኛው ይሄው ውሃ ነው። የደም ስኳርን የሚቆጣጠረው ሆርሞን ኢንሱሊንም ስለሚቀንስ ኩላሊት ጨው ጭምር ያስወጣል።

መቁጠር ሥራ ይዟቸው መጠጣት ለሚረሱ ይጠቅማል። ችግሩ ጨው ላይ ነው። ጨው ጎድሎ ራስ ምታት ሲጀምር ብዙ ሰው ውሃ ብቻ ይጨምራል። ጨው ሳይተኩ ውሃ በላይ በላዩ መጠጣት ግን ከጨው የሚገኘውን የደም ሶዲየም ያቀጥነዋል፤ ድካሙና ማዞሩም ይብሳል። እንዲህ ሲሆን ከሌላ ጠርሙስ ውሃ ይልቅ ጨው ያለው አንድ ኩባያ ትኩስ ሾርባ ይሻላል።

ለጤነኛ ሰው እኔ የምመርጠው ሲጠማ መጠጣትን ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብቻ አንድ ሁለት ብርጭቆ ጨመር ያድርጉ። ሽንትዎን ይዩት፦ ፈዛዛ ቢጫ ከሆነ በቂ ነው፤ ጠቆር ያለ ቢጫ ከሆነ ይጨምሩ፤ ቀኑን ሙሉ ቀለም አልባ ከሆነ ቀነስ ያድርጉ። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ግን ጥማታቸው ስለሚደክም ለእነሱ መቁጠሩ ይሻላል።

የኩላሊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት፣ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድም ሰው ውሃውንም ጨውንም ከመለወጡ በፊት ሐኪሙን ያማክር።