ለመልስ፣ ለቅልቅል ማሲንቆ የምትፈልጉ፦ ይኼን ሰው ጥሩት

የእህቴ መልስ በሰላም አለቀ። ለመጣችሁ፣ ለደከማችሁ፣ ጭስ ለበላችሁ ሁሉ እግዜር ይስጥልን። ለብቻው ላመሰግነው የምፈልገው ሰው ግን አለ። ማሲንቆ መቺያችን።

ስሙንና ስልኩን ሳላስፈቅደው እዚህ መለጠፍ አልወደድኩም። እኛ ጋሼ ነው ያልነው።

ዲጄ ይቅር ያለችው እናቴ ናት። "ስፒከሩ ደረቴን ይመታኛል" አለች፣ በቃ። ወጣቶቹ ትንሽ አኩርፈው ነበር። ማሲንቆ ሲባል የመጣላቸው ጠረጴዛ ለጠረጴዛ እየዞረ ሰው የሚሸነቁጥና ሽልማት የሚለቅም አዝማሪ ነው። ጋሼ ግጥሙንም ይችልበታል፣ ዋናው ሙያው ግን ሰው ማስጨፈር ነው። ሁለቱ ለየቅል መሆናቸውን ያወቅነው ያን ቀን ነው።

ድንኳን እንደገባ ጥያቄ ጀመረ። የሙሽራው ወገን ከየት ነው? የእናንተስ? ትልልቆቹ የት ነው የሚቀመጡት? አክስቶቻችሁ ማን ማን ይባላሉ? መድረክ አዘጋጅተንለት ነበር፣ አልወጣበትም። "እግር ካላየሁ አልመታም" አለና መሀል ገባ። ከበሮ መቺውን በግራው፣ ተቀባይዋን በቀኙ አቆመ።

ማሲንቆ ያላት አንድ ክር ነው። የፈረስ ጭራ ደጋን ላይ በተወጠረ የፈረስ ጭራ ይገዘገዛል፣ ጣት ጭራውን ከጎን እየነካ ዜማ ያወጣል። ዜማውም አጭር ነው፣ ይደጋገማል። ቁጭ ብሎ ለሚሰማ ሰው ሊሰለች ይችላል። ለሚጨፍር ሰው ግን ድግግሞሹ ነው መደገፊያው። ጋሼ ዓይኑን ከጨፋሪው ትከሻ አይነቅልም። ትከሻው ሲሞቅ ደጋኑን ያሳጥራል፣ ምቱ ይጠብቃል፣ ከበሮው ይከተለዋል። ሰው ሲደክም ደጋኑን አንድ ጊዜ ረዘም አድርጎ ይስብና ያሳርፋል። ዜማ ሲቀይር ዝም አይልም፣ ሳናውቀው ከጎጃሙ ወደ ወሎው ገብተን ራሳችንን እናገኘዋለን። ሰው ወደ ወንበሩ የሚመለሰው በሁለት ዘፈን መሀል ባለው ዝምታ ነው። ያ ዝምታ ስላልነበረ የሚቀመጥ ጠፋ።

አክስቴ እማማ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ከወንበራቸው ሳይነሱ ትከሻቸውን ሲነቀንቁ አያቸውና ፊታቸው በርከክ አለ። ምቱን ለእሳቸው ብሎ አቀዘቀዘው። ቁጭ እንዳሉ እስክስታ ወረዱ፣ እኛም ዙሪያቸውን በጭብጨባ ያዝን። አጎቴ ብር ግንባሩ ላይ ለጠፈና "ተቀበል!" አለ።

"አራተኛ ፎቅ ነው ያማቻችን ቤት፣
ደረጃውን አየን ስንወጣበት።"

ጋሼ ደጋግሞ አዜመው፣ ተቀባይዋ መለሰችለት፣ የሙሽራው ወገን ሳቀ። ከዚያ በኋላ ግጥም የማይሰጥ ሰው አልነበረም። (አንዳንዱ ባይሰጥ ይሻል ነበር፣ እሱንም አሳምሮ አወጣለት።)

የሙሽራው ወገን ጉራጌ ነው። የእነሱ ተራ ሲደርስ ጋሼ ወደኋላ አለና ለከበሮው ለቀቀ። ማሲንቆዋን አጀቢ አደረጋት። የጉራጌን ጭፈራ የሚመራው ምቱ መሆኑን ስለሚያውቅ አልተግደረደረም። ለእኔ ትልቁ ችሎታው ይኼ ነው።

የሚያዝያ ዝናብ ደግሞ አልማረንም። እርጥበቱ የማሲንቆዋን ቆዳ አረገበውና ድምጿ ታፈነ። ጋሼ አልተደናገጠም። ቡና የምታፈላዋ ልጅ አጠገብ ቁጭ ብሎ ቆዳውን ከከሰሉ ራቅ አድርጎ አሞቀ፣ በጣቱ እየመታ አዳመጠ፣ መቃኛውን ጠመዘዘ። ከእሷው እጣን ላይ ቁራጭ ለምኖ ጭራውንና ደጋኑን አሸበት። ተመልሳ ጮኸች።

ሲያርፍ ጠየቅኩት። አዘዞ አጠገብ ካለችው ከቡርቧክስ ነው። የአዝማሪዎች መንደር መሆኗን የጎንደር ሰው ያውቃል። የተማረው ከአባቱ ነው። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ማሲንቆ ይሰጣል፣ እሱ ግን በዚያ በኩል አላለፈም። ከቅኝቶቹ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ የትኛውን ብትሉት ይቃኛል። ለሙሽራ አንቺሆዬን ይመርጣል። አዲስ አበባ ሲመጣ ካዛንቺስ አዝማሪ ቤት ውስጥ ነበር የሚሠራው። ሰፈሩ በ2017 ሲፈርስ ቤቱም አብሮ ሄደ። አሁን የሚኖረው በሰርግና በመልስ ነው። ይኼን የምጽፈውም ለዚህ ነው፣ ሥራ የሚያገኘው በሰው አፍ ብቻ ነው።

ጉድለቱንም ልንገራችሁ። ድምፁ ትልቅ አይደለም፣ ከፍ ያለውን ዜማ የምትወጣለት ተቀባይዋ ናት። ስለዚህ ሁለቱን አብራችሁ ጥሩ። የትግርኛና የኦሮምኛ ጭፈራ ከፈለጋችሁ "እኔ አልሆንም" ብሎ ሌላ ሰው ይጠቁማችኋል። አዳራሹ ሰፊ ከሆነ አንዲት ማይክ ለማሲንቆዋ ይበቃል፣ ከበሮው ማይክ አይፈልግም። ምሳ ቀድማችሁ አብሉት፣ አንዴ ከጀመረ አይቀመጥም። ዋጋው እኛ ከጠየቅናቸው ዲጄዎች ሁሉ ያነሰ ነው፣ ሽልማቱን ደግሞ ሦስቱ እኩል ይካፈሉታል። እባካችሁ ከዚያ በላይ አትከራከሩት።

ስልኩን የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ እሱን ጠይቄ እልካለሁ። በጾም ወራት ቀኑ ክፍት ነው፣ ማሲንቆ መማር የሚፈልግ ልጅ ካላችሁም ያስተምራል። ጥር ላይ ሰርግ ያላችሁ ግን ካሁኑ ያዙት። ቀብድ በቴሌብር ይቀበላል።