«አንዴ ብቻ የተተኮሰ» እየተባለ በኪሎ የሚሸጥ የተወለወለ ቀለህ አትግዙ

ጥይት በእጃችሁ ለምትሞሉ ሁሉ፦ ፕራይመሩ (መርፌ ሲመታው ባሩዱን የሚያቀጣጥለው፣ ከቀለሁ ሥር ያለው ትንሽ ክዳን) ወጥቶ፣ ታጥቦና ተወልውሎ የሚያብረቀርቅ ቀለህ «አንዴ ብቻ የተተኮሰ ነው» ተብሎ ቢቀርብላችሁ ገንዘባችሁን አታውጡ። የቀለህ ታሪክ የሚነበበው ከጥላሸቱና ከአሮጌው ፕራይመር ነው። ሻጩ ሁለቱንም ሲያስወግድ ማስረጃውንም አብሮ አስወግዷል።

308 ዊንቸስተር የተባለው የጠብመንጃ ጥይት ከፍተኛ ግፊት 4,150 ባር ነው። ባሩዱ ሲነድ የሚፈጠረውን ጋዝ አግዶ የሚይዘው ቦልቱ (ከኋላ የሚዘጋው ብረት) አይደለም፤ ቀለሁ ተለጥጦ ከቻምበሩ (ጥይቱ ከሚቀመጥበት የበርሜል ክፍል) ግድግዳ ጋር ሲጣበቅ ነው። ቀለሁ ከተሰነጠቀ ወይም ፕራይመሩ ከላላ ጋዙ በቦልቱ በኩል ወደ ተኳሹ ፊት ይመለሳል። ያለ መነጽር መተኮስ የማይገባውም ለዚህ ነው።

ጥላሸቱ የት እንዳለ እዩ። አንገቱ ላይ ብቻ ከሆነ ብዙ አያሳስብም። ከትከሻው (አንገቱን ከገላው ከሚያገናኘው ተዳፋት) አልፎ ወደ ገላው ከወረደ ወይ ግፊቱ አንሷል፣ ወይ ናሱ ደጋግሞ ከመተኮስ ደርቆ መለጠጥ አቅቶታል። በፕራይመሩ ዙሪያ የጠቆረ ቀለበት ካለ ግን ፕራይመሩ የሚቀመጥበት ጎድጓዳ ሰፍቷል፤ ያ ቀለህ ይጣል። አዲስ ፕራይመር በእጅ መሣሪያ ስትከቱ ያለ ምንም ተቃውሞ ሸርተት ካለም እንደዚያው። ጋዙ በዚያ በኩል ሲያመልጥ የቦልቱን ፊት ይበላዋል፤ እሱ ደግሞ በቀላሉ አይጠገንም። ፕራይመሩ መሃሉ ላይ ከተበሳ ግፊቱ በዝቷል ወይም መቺው መርፌ ችግር አለበት፤ የመርፌው ጫፍ ተቦርቡሮ እንደሆነ ሳታዩ አትቀጥሉ።

ከሁሉም የከፋው ከቀለሁ መቀመጫ (ከሥሩ) ትንሽ ከፍ ብሎ ዙሪያውን የሚታይ የሚያብለጨልጭ መስመር ነው። ቀለሁ ከውስጥ ሳስቷል፣ በሚቀጥለው ተኩስ ለሁለት ሊቆረጥ ይችላል። ውለላ ይህን መስመር ስለሚሸፍነው በዓይን ብቻ አትመኑ። የወረቀት መያዣ ሽቦ ዘርጉና ጫፉን 2 ሚሜ ያህል ወደ ጎን እጠፉት፤ አሹሉት፤ የውስጥ ግድግዳውን እየነካችሁ ከታች ወደ ላይ ጎትቱት። ከመቀመጫው 5 እስከ 10 ሚሜ ባለው ቦታ ላይ ሽቦው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ያዝ ካደረገው አበቃለት። መንስኤው ብዙውን ጊዜ ሰፊ ቻምበር ባለው መሣሪያ የተተኮሰ ቀለህ ሲሆን፣ ለዳግም ሙሌት ቅርጹ ሲስተካከል ትከሻው ከመጠን በላይ ወደ ኋላ ከተገፋ በየተኩሱ ይለጠጣል። ለቦልት ጠብመንጃ 0.05 ሚሜ ያህል መግፋት ይበቃል።

እንግዲህ ስትገዙ፦ አሮጌ ፕራይመሩ ያልወጣ፣ ያልታጠበ ቀለህ ጠይቁ። የወታደር ቀለህ ከሆነ ፕራይመሩ እንዳይወጣ ጠርዙ በፋብሪካ የተጨመቀበት ምልክት ሳይነካ መኖሩ አንዴ ብቻ ለመተኮሱ ጥሩ ምስክር ነው። ከከረጢቱ ሥር 10 አውጥታችሁ በሽቦው ፈትሹ፤ አንድ እንኳ የሳሳ ከተገኘ ከረጢቱን ተዉት። ዋጋውንም በኪሎ አታስሉ። የ308 ቀለህ ከ10 እስከ 12 ግራም ስለሚመዝን አንድ ኪሎ ከ83 እስከ 100 ቀለህ ይሆናል፤ ሲሶው ቢጣል እውነተኛው ዋጋ በአንድ ተኩል እጥፍ ይወጣል። የተለያየ የፋብሪካ ማህተም ያለባቸውንም አንድ ላይ አትሙሉ። ግድግዳው የወፈረው ውስጡ ስለሚጠብ፣ ያው የባሩድ መጠን የበለጠ ግፊት ይፈጥራል፤ በየማህተሙ ለዩና ከታተመው ከፍተኛ መጠን ቢያንስ 10 በመቶ ቀንሳችሁ ጀምሩ።

የጣላችሁትን ቀለህ አንገቱን በፒንሳ ጨፍልቁት፤ አለዚያ ተወልውሎ ሌላ ሰው ከረጢት ውስጥ ይገባል።