ለወለደች ላም ካልሲየም፦ በአፍ ወይስ በደም ሥር?

የወተት ላም በወለደች በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት በደሟ ያለው ካልሲየም ያሽቆለቁላል፤ እንገር ይስበዋልና። የመጀመሪያ ጥጃዋን የወለደች ብዙም አትጎዳም። ከሦስተኛ ወሊድ ወዲህ ግን አጥንት ካልሲየም ለመልቀቅ፣ አንጀትም ለመምጠጥ ስለሚዘገዩ አደጋው ይበረታል።

በአፍ፦ ርካሽና ቀላል ነው። መዋጥ ላቃታት ላም ግን ፈሳሹ ወደ ሳንባ ይገባል።

በደም ሥር፦ የወደቀችን ላም ፈጥኖ ያነሣል። ተቻኩሎ ከተሰጠ ልብ ሊያቆም ስለሚችል የእንስሳት ሐኪም እጅ ይፈልጋል። ደግሞም ከሰዓታት በኋላ መጠኑ መልሶ ሊወርድ ይችላል፤ ይህን ብዙዎች ይዘነጉታል።

ቆማ ለምትበላ አሮጊት ላም የአፉን እመርጣለሁ። ተኝታ አንገቷን ወደ ጎኗ ላጠፈችው ግን ሐኪም ይጠራ፤ ተነሥታ መዋጥ ስትችል የአፉ ይከተላል።