መጀመሪያ ሰሌዳው ወይስ ሽቦው?

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ማታ ማታ የኤሌክትሪክ መስመር ዝርጋታ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ሥራ ውለው የሚመጡ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። አዳዲስ አሰልጣኞች ሁሌም ይጠይቁኛል፦ መጀመሪያ ላስረዳ ወይስ ቀጥታ ሽቦ ላስይዝ?

ወጪ፦ ማስረዳት ጠመኔ ነው። ተግባር ሽቦ ይበላል፤ እኔ ቁርጥራጩን ሰብስቤ ደግሜ እጠቀምበታለሁ።

ድካም፦ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ማስታወሻ ማስገልበጥ ማስተኛት ነው። አንድ ቀን ከታችም ከላይም የሚጠፋውን የደረጃ መብራት ስስል፣ በዕድሜ የሚበልጡኝ ተማሪ አንገታቸውን ደፉ።

“ጋሼ፣ አልገባዎትም?”

“መምህር፣ ሥዕሉን ይተዉትና ማብሪያውን ይስጡኝ።”

ፈቱት። ሦስቱን ብሎኖች በጣታቸው እየነኩ እሳቸው አስረዱን!

አደጋ፦ እዚህ ላይ ቀልድ የለም፤ 220 ቮልት ነው። መስመር አጥፍቶ በቴስተር ማረጋገጥን ያልተማረ ሰው ሽቦ አይነካም። ሌላው ጣጣ የቆየ ልማድ ነው። በፌዙ (ኤሌክትሪክ በሚያመጣው ሽቦ) ፈንታ ኒውትራሉን (መላሹን ሽቦ) በማብሪያ የሚያቋርጥ “ባለሙያ” ገጥሞኛል። አምፖሉ ይጠፋል፣ ሆልደሩ ግን ኤሌክትሪክ እንደያዘ ይቀራል። ይህን ማስለቀቅ ከባዶ ከማስተማር ይብሳል።

ፈተና፦ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘናው) ጽሑፍም ተግባርም አለው፤ ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

እንግዲህ ሥራውን ለሚያውቅ ሰው፣ መስመሩ እስከጠፋ ድረስ፣ ተግባር ይቅደም። ለጀማሪና ለአደገኛ ሥራ ማብራሪያ ይቅደም፤ ግን ከ20 ደቂቃ ባይበልጥ። ተቀላቅለው ከመጡ ነባሩን ከጀማሪው ጋር አጣምራለሁ። ፒንሳውን ግን ጀማሪው ነው የሚይዘው።